ስምንቱ መምቻዎች

በጡጫ ብቻ የሚደረገውን ቦክስ በአገራችን የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በጦር ሠፈር ያደገ ልጅማ ጓንት አጥልቆ ባያውቅ እንኳ ዳር ቆሞ አይቶአል። የታይላንድ ሕዝብ «ሙዋይ ታይ» ብሎ የሚጠራው የገዛ አገሩ ቦክስ ግን ከዚህ በብዙ ይለያል። በዚያ ተጋጣሚ የሚመታው በሁለት ጡጫ፣ በሁለት ክርን፣ በሁለት ጉልበትና በሁለት ቅልጥም ነው። ከዚህም የተነሣ የስምንቱ መምቻዎች ጥበብ እየተባለ ይነገርለታል። እኔ የዚህን ጥበብ መሠረት በተማርሁ ጊዜ ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነበር፤ የሦስት ልጆችም እናት ነበርሁ። ተፋላሚ የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ መቶ አለቃ ሲሆን ለብዙ ዓመታት የምልምል ወታደሮች የአካል ማጎልመሻ አሠልጣኝ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በቀኝ ጉልበቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። ዘመድ ወዳጅ ተረባርቦ በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ባንኮክ ሲሄድ ልጆቹን ለእናቴ ትቼ አስታማሚው ሆኜ አብሬው ተጓዝሁ። ቀዶ ሕክምናው በደኅና ተፈጸመ። ሐኪሙም ከእንግዲህ የቀረው የበሽተኛው ድርሻ መሆኑን፣ የጭኑ ጡንቻ በእንቅስቃሴ ካልተመለሰ ጉልበቱ ተጠግኖም ቢሆን እንደ ቀድሞው እንደማይሸከመው፣ ለዚህም ሦስት ወር ያህል በዚያው መቆየት እንደሚያስፈልገን ነገረን።

ባለቤቴ ይህን ከሰማ በኋላ ዝም አለ። የቁጣ ዝምታ አልነበረም። ጠዋት «እግርህን አንሣ» ስለው አንድ ጊዜ ያነሣና ይተወዋል። ወደ ክፍሉ መመለስና አለመመለሱ በዚያች እግር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የወታደር ሚስቶች የሆናችሁ እኅቶቼ ይህን ዝምታ ታውቁታላችሁና አላብራራውም።

የተከራየነው ክፍል እነርሱ «ሶይ» ብለው በሚጠሩት ጠባብ የጎን መንገድ ላይ ነበር። ከጓሮው በኩል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚሰማ ድምፅ ነበረ፤ በመጀመሪያ ሰው ምንጣፍ ሰቅሎ የሚያራግፍ መስሎኝ ነበር። በኋላ ወጥቼ ባይ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ያለ የቦክስ ማሠልጠኛ ሆኖ ተገኘ። አንድ አሮጌ መድረክ፣ አምስት የተሰቀሉ ከረጢቶች፣ የተሰነጠቀ መስተዋትና በርከት ያሉ ድመቶች አሉት። ባለቤቴን ለምኜ በክራንቹ እየተደገፈ እንዲያይ ወሰድሁት። አሠልጣኙ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ የቀድሞ ተፋላሚ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «ክሩ» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። ሽማግሌው የባለቤቴን ጉልበት አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበር አምጥተው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የአንድ ጥንድ ጓንት ገመድ በጣታቸው አንጠልጥለው አሳዩኝ።

ባለቤቴ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያን ሳቅ ደግሜ ለመስማት ስል በራሴ ቁሚ ብባል እቆም ነበር። በማግስቱ ከፍዬ ተመዘገብሁ።

ትምህርቱ የጀመረው በመምታት አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ የተማርሁት መቆምን ነው። እግሮች በትከሻ ስፋት ይለያያሉ፤ ግራው ወደ ፊት ቀደም ይላል፤ የቀኙ ጣቶች ወደ ውጭ ዘወር ይላሉ። ተረከዝ መሬቱን ይነካዋል እንጂ አይጫነውም። ክብደቱ ከእግር ጣቶች ሥር ባለው የመዳፉ ክፍል ላይ ያርፋል። እጆች እስከ ቅንድብ ከፍ ይላሉ፤ አገጭ ይቀበራል፤ ክርኖች ጎድንን ይጠብቃሉ። በጡጫ ብቻ የሚጋጠም ቦክሰኛ ጎንበስ ብሎ ሊያጎነብስና ሊያመልጥ ይችላል። እዚህ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ፊቱን ለጉልበት አቀረበ ማለት ስለሆነ አቋቋሙ ቀጥ ያለ ነው። እንስራ ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስ ሴት ታውቁ የለ? ከወገቧ በታች ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ራሷ ግን አይናወጥም። እኔ የክሩን ምልክት በትክክል የተረዳሁት ይህን ባሰብሁ ጊዜ ነው።

አረማመዱም የራሱ ሕግ አለው። ወደ ፊት ሲኬድ የፊተኛው እግር ይቀድምና የኋለኛው ያንኑ ያህል ይከተለዋል፤ ወደ ኋላ ሲኬድ የኋለኛው ይቀድማል። እግሮች ከቶ አይጠላለፉም፣ አይገጥሙምም። የፊተኛው እግር ክብደት ሳይበዛበት ቀለል ብሎ መቆየት አለበት፤ ለመግፋትም ሆነ ለመከላከል በቅጽበት የሚነሣው እርሱ ነውና። ክሩ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ከአሥር ቃላት አይበልጥም፤ እኔም የታይ ቋንቋ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ከወንበሩ በኩል «ክብደትሽን ከተረከዝሽ ላይ አንሺ! ትከሻሽን ፍቺ!» የሚል የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ሰማሁ። መቶ አለቃው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ማሠልጠን የለመደ ዓይን የተበላሸ አቋም እያየ ዝም ማለት አልቻለም። ክሩ ዞር ብለው አዩት፤ አውራ ጣታቸውንም አነሡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት አሠልጣኞች ነበሩኝ።

በእግር ከሚደረጉት ሁሉ ቀድሞ የሚሰጠው «ቲፕ» የተባለው የመግፊያ ርግጫ ነው። ጉልበት ወደ ደረት ይነሣል፤ ዳሌ ወደ ፊት ይገፋል፤ የእግር መዳፍ የተጋጣሚውን ሆድ ወይም ደረት ይገፈትረዋል። ብዙዎች ርግጫው ከጉልበት በታች ያለ ነገር ይመስላቸዋል፤ ኃይሉ ግን ከዳሌ ነው የሚወጣው። ከስምንቱ መካከል ለእኛ ለሴቶች ይጠቅማል ብዬ የማምነውም ይህንኑ ነው፤ ሰውን ከመጉዳት ይልቅ ርቀትን ይጠብቃልና።

«ቴ» የሚባለው የቅልጥም ምት የዚህ ቦክስ መታወቂያው ነው። የሚመታው የእግር ጀርባ አይደለም፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የአገዳው ጠንካራ ክፍል ነው። የሚረገጠው እግር ወደ ጎን ሰያፍ ይራመዳል፤ ተረከዙ ተነሥቶ በመዳፉ ላይ ይሽከረከራል፤ ዳሌና ትከሻ አብረው ይዞራሉ። በሚመታው እግር በኩል ያለው ክንድ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ሌላው እጅ ግን ከፊት አይነሣም። እግሩ እንደ አለንጋ ከኋላ ተጎትቶ ይመጣል። የቆመው እግር ካልተሽከረከረ የጠመዘዘው ኃይል ሁሉ የሚያርፈው በገዛ ጉልበት ላይ ስለሆነ ክሩ ይህን ሳያዩ አንድም ምት አላሳለፉም። ባለቤቴም ስለ ጉልበት ያወቀውን ያህል ዐውቆ ነበርና በዚህ ነጥብ ላይ ከሽማግሌው ይበልጥ ጨካኝ ሆነብኝ።

ምቱን ለመማር ሲባል ታዲያ ቅልጥምን አንሥቶ በአንድ እግር ረዘም ላለ ጊዜ መቆም ነበረብኝ። የሕክምና ባለሙያዋም ባለቤቴን ከሁለት ሳምንት ጀምራ የምትለምነው ይህንኑ ነበር፤ «በቀኝ እግርህ ብቻ እስከ ሠላሳ ቁጠር።» እርሱ እስከ አምስት ቆጥሮ ይተው ነበር። አንድ ቀን እኔ ስንገዳገድ አይቶ ከወንበሩ ተነሣና የመድረኩን ገመድ ያዘ። «ተመልከቺ» አለኝ። ግራ እግሩን አነሣ። አሥራ አንድ ቆጠረ። ላቡ በግንባሩ ወርዶ ነበር። ክሩ ምንም አላሉም፤ ወንበሩን ብቻ ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ እኔ በመድረኩ አንድ ጥግ፣ እርሱ በሌላው ጥግ በአንድ እግር ቆመን እንቆጥር ነበር። ሠላሳ የደረሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው።

የቅልጥም ምት መከላከያው ራሱ ቅልጥም ነው። ጉልበት ወደ ውጭ ዘወር ብሎ ይነሣል፤ አገዳው እንደ ጋሻ ይቆማል። አጥንት ከአጥንት ሲጋጠም ያለውን ሕመም ለማስረዳት ቃል አልፈልግም። ቅልጥምን በጠርሙስ እያሹ ወይም በዱላ እየደበደቡ ማጠንከር ይቻላል የሚል ወሬ በእኛም አገር ሰምቻለሁ። ክሩ በዚህ ሳቁ። እርሳቸው እንደሚያምኑት ቅልጥም የሚጠነክረው ከረጢቱን ለወራትና ለዓመታት በትዕግሥት በመምታት ነው። ከልምምዱ በኋላ አፍንጫ የሚሰነጥቅ የሜንታ ሽታ ያለው የማሻሻ ዘይት ይቀባል፤ ያ ሽታ በነጠላዬ ላይ ሳይለቅ አገር ቤት ድረስ መጥቶአል።

ጉልበትንና ክርንን በአጭሩ ልለፋቸው። «ካው» የሚባለው የጉልበት ምት ወደ ላይ ብቻ የሚነሣ ሳይሆን ዳሌን ወደ ፊት ወርውሮ የሚወጋ ነው፤ የቆመው እግር በጣቱ ይነሣል፣ የላይኛው አካል ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአንገት ትንቅንቅ ጋር ነው። በትንቅንቁ ሁለቱ እጆች የተጋጣሚውን ራስ ከኋላ፣ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ይይዛሉ፤ ጣቶች ግን አይቆላለፉም፣ በቀላሉ ይሰበራሉና፤ አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ ይደረባል። ክርኖች ተጠጋግተው በደረቱ ላይ ይጫናሉ። ጥንካሬ ያለው ሳይሆን ሚዛኑን የጠበቀ ያሸንፋል። አርባ አምስት ኪሎ የማትሞላ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እኔን እንደ ሕፃን እያዞረች ጥላኛለች። «ሶክ» የተባለው የክርን ምት ደግሞ ቅርብ ለቅርብ የሚሰነዘርና እንደ ስለት ቆዳ የሚቀድ ስለሆነ ለጀማሪ በከረጢት ላይ ካልሆነ በቀር አይፈቀድም።

በየመሐሉ ባለቤቴ ታሪኩን ይጠይቅ ጀመር፤ እርሱም ጥሩ ምልክት ነበር። ጥበቡ የተወለደው ከጦር ሜዳ ነው ይላሉ፤ ጦርና ሰይፍ ከእጁ የወደቀበት ወታደር በአካሉ የሚዋጋበት ዘዴ መሆኑ ነው። የአዩታያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር ከወደቀች በኋላ ናይ ካኖም ቶም የተባለ ምርኮኛ እ.ኤ.አ. በ1774 በበርማ ንጉሥ ፊት የበርማ ተፋላሚዎችን በተከታታይ አሸንፎ ነጻነቱን እንዳገኘ ይተረካል። ከትረካው ምን ያህሉ ታሪክ፣ ምን ያህሉ አፈ ታሪክ እንደሆነ ለሊቃውንት እተዋለሁ፤ ታዮች ግን መጋቢት 8 ቀን እያከበሩ ያስቡታል። ጓንትና በደቂቃ የተወሰነ ዙር የገባው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት እጅ የሚጠቀለለው በገመድ ነበር። በዛሬው ደንብ ሦስት ሦስት ደቂቃ የሆኑ አምስት ዙሮች፣ በመካከላቸውም የሁለት ደቂቃ ዕረፍት አለ። ባለቤቴ በበኩሉ የታይ ሻለቃና የእኛ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት በአንድ የተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር መዋጋታቸውን በእጅ ምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለክሩ ሊያስረዳ ሞከረ። ሽማግሌው «ኮሪያ» የምትለውን ቃል ሲሰሙ ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡት።

በከተማይቱ ውስጥ ስመ ጥር የሆኑት መድረኮች ሁለት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የተከፈተው ራጃዳምነርንና እ.ኤ.አ. በ1956 የተከፈተው ሉምፒኒ። ሉምፒኒ የታይላንድ ምድር ጦር የሚያስተዳድረው መሆኑን ስሰማ ይህን ሳላይ አልሄድም አልሁ። ክሩ ወሰዱን። ከፍልሚያው በፊት እያንዳንዱ ተፋላሚ ራሱ ላይ «ሞንግኮን» የተባለውን ክብ አክሊል አድርጎ፣ በመድረኩ ዙሪያ በዝግታ እየዞረ፣ ተንበርክኮም ለመምህሩና ለወላጆቹ ክብር ይሰጣል። ሥርዓቱ «ዋይ ክሩ» ይባላል። ዋሽንት መሳይ ጡሩንባ፣ ሁለት ከበሮና ትንሽ ጸናጽል ያጅቡታል፤ ፍልሚያው ሲግል ሙዚቃውም ይፈጥናል። በክብሩ ሥርዓትና በሚከተለው ጭካኔ መካከል ያለው ርቀት እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ከዳኞቹም አቆጣጠር የገባኝ ነገር ቢኖር ሚዛኑን ያሳተ የቅልጥም ወይም የጉልበት ምት ከብዙ ጡጫ እንደሚበልጥ ነው።

በዚያ ምሽት አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። በጊዜው በነበረው ልማድ ሴት የሉምፒኒን መድረክ መርገጥ ይቅርና መንካት አይፈቀድላትም ነበር። ሴቶች በሚጋጠሙባቸው ሌሎች መድረኮችም ወንዱ ከላይኛው ገመድ በላይ ተሻግሮ ሲገባ ሴቷ ከታችኛው ገመድ ሥር ተንሸራትታ ትገባ ነበር። ያቺ አንገቴን ይዛ የምትጥለኝ ልጅ በውድድር ጊዜ እንዲሁ ነበር የምትገባው። ነገሩን ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ «ከገቡ በኋላ ያው ነው» ማለቷ እንደሆነ ክሩ አስረዱኝ። ሉምፒኒ ይህን ልማድ ትቶ የሴቶችን ፍልሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ነው። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፖርቱ ሙሉ ዕውቅና ሰጠ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የልጆች ነው። በማሠልጠኛው ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ይለማመዱ ነበር፤ ከድሀ ቤተሰብ የመጡ ብዙዎቹ በውድድር የሚያገኙትን ገንዘብ ለእናታቸው ይሰጣሉ። እኛ እዚያ ሳለን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018፣ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በፍልሚያ ላይ ራሱን ተመትቶ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ከመቶ ሰባ በላይ ፍልሚያ አድርጎ እንደነበር ተነገረ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉትን ከፍልሚያ የሚያግድ ረቂቅ ሕግም ያን ጊዜ ያከራክር ነበር። በማሠልጠኛው ለሁለት ቀን ያህል ድምፅ አልነበረም። ክሩ ልጆቹን ከረጢት ብቻ እንዲመቱ አደረጓቸው። እኔ እንደ እናት የምለው ሕፃን መቆምን፣ መራመድን፣ መተንፈስን ይማር፤ በራስ ቅሉ ላይ የሚያርፍ ምት ግን ለማንም ደስታ ሲባል አይገባውም። ባለቤቴ በዚህ ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ ተከራከርን፤ እስከ ሌሊት ተከራከርን። ከወራት ዝምታ በኋላ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንዲያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር መስማት ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ልደብቀው አልችልም።

በጥር መጨረሻ ክራንቹን እዚያው ለማሠልጠኛው ትተን ተመለስን። ባለቤቴ ወደ ክፍሉ ተመልሶአል። ከምልምሎች ጋር መሮጡ ግን ቀርቶበታል፤ የሥልጠና መርሐ ግብር ያዘጋጃል፣ በክፍል ውስጥ ያስተምራል። በብርድ ወራት ያነክሳል። ደስተኛ ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ በየሩጫው ሰዓት መስኮቱ ዘንድ መቆሙን ግን አልተወም።

ለመጀመር የምትፈልጉ እኅቶች ብዙ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ለእጅ መጠቅለያ አራት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠበብ ያለ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ መጀመሪያ በአንጓ፣ ከዚያ በጡጫ አጥንቶች ላይ፣ በመጨረሻም በጣቶች መካከል እየተሳበ ይታሰራል፤ ጠብቆ ጣት ማደንዘዝ የለበትም። ከረጢቱን እኛ በሠፈራችን የሠራነው በድርብ ጆንያ ውስጥ ያረጀ የደንብ ልብስ በመጠቅጠቅ ነው። አሸዋ አትጨምሩ፤ ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆናል። በእያንዳንዱ ምት ትንፋሽ ይወጣል እንጂ አይታመቅም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ እንገናኛለን። ስንጀምር ሦስት ነበርን፤ አሁን አሥራ አንድ ሆነናል። መቆሙንና አረማመዱን ጨርሰን ቲፕ ላይ ደርሰናል። የሃምሳ አለቃ ባለቤት የሆነች አንዲት ጎረቤቴ ክርኑን አሳዪን እያለች በየሳምንቱ ትወተውተኛለች፤ እኔ ግን ገና የቆመ እግሯን ማሽከርከር አልለመደችምና አላሳየኋትም።